አንገቱ የተጠመዘዘበት ሌሊት

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተመላላሽ ክፍሉ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ አንዲት እናት ተራ ሳይጠብቁ ገብተው ስሜት የሚያረጋጋው የካርባማዜፒን ኪኒን ባዶ ማሸጊያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ልጃቸውን አውቀዋለሁ። የሃያ አራት ዓመት የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ባይፖላር የሚባለው ስሜትን ከልክ በላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ሕመም አለበት፣ ካርዱም እኛው ጋ ነው። ረመዳን ከገባ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር።

«አራት ሌሊት ሙሉ ዐይኑን አልከደነም» አሉኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና የሠራ ሰው ይህን ወር ያውቀዋል። በቀን ሁለቴ የሚዋጠው ኪኒን አንዴ ይሆናል፣ ከዚያ አንዴውም ይረሳል። ከአፍጥር በኋላ የተጀመረ የጫት በርጫ እስከ ሱሑር ይዘልቃል፣ ሲነጋ ደግሞ ሥራ ይጠብቃል። ባይፖላር ያለበት ሰው እንቅልፍ ካጣ ማኒያው፣ ያ ከልክ ያለፈው የስሜት ግለት፣ ለመነሣት ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

ሪፈር ልጽፍ ወረቀቱን ሳብ ሳደርግ እጄን ያዙት። «ዘንድሮ በገመድ አላስወስደውም» አሉ። ያለፈውን ዓመት ሁለታችንም እናስታውሳለን። አራት ጎረምሶች አስረው ሚኒባስ ውስጥ ከትተውት፣ ደንገጎን ጠመዝማዛውን እየጮኸ ወጥቶ፣ 55 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሐረር ገባ። ድኖ ተመለሰ። ግን ሁለት ወር ሙሉ እናቱን አላናገረም፤ ገመዱን ከጓዳ አውጥተው ያቀበሉት እሳቸው ነበሩ።

«እናንተ ቤት ማን አለ? ሰው መትቷል? ራሴን አጠፋለሁ ብሏል? ውኃ ይጠጣል?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። ማንንም አልነካም፣ መሞትም አላሰበም፤ እንዲያውም ዘላለም የሚኖር ይመስለዋል። ታላቅ ወንድሙና አጎቱ ቤት አሉ። «አንቺ ነይልኝ» አሉኝ። «ቢሮ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? በሽተኛው ያለው እኛ ቤት ነው።»

ይህ ነገር ለእኔ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ስማር እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት የጤና ዕቅድ ቤት ድረስ ሄደው የሚያክሙ 335 ቡድኖች ለማቋቋም እንደወሰኑ አንብቤ ተደንቄ ነበር። ሆስፒታል የሚያስተኛ ቀውስ የገጠመውን ሰው ባለሙያዎች ቤቱ ድረስ ሄደው፣ አስፈላጊ ከሆነ በቀን ሁለት ሦስቴ እያዩ ያክሙታል። በእኛም አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም እንጂ፣ የሰው ደጃፍ አንኳኩቶ ማከም ባዕድ ነገር አይደለም። ኃላፊያችንን ባስፈቅደው እንደሚከለክለኝ ስለማውቅ አላስፈቀድኩም። በምሳ ሰዓት ማኒያን የሚያበርደውን ሀሎፔሪዶል፣ የሚያረጋጋውን ዲያዜፓምና ሲሪንጅ በቦርሳዬ ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ቤቱ መጋላ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ። ልጁ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር የቃጫ አልጋ ላይ ቆሞ ስለ ባቡር ይናገራል። የድሮውን የጅቡቲ መስመር እሱ ያስጀምረዋል፤ ሁለት መቶ ባጃጅ እንደ ፉርጎ ይቀጥላል። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። አጎቱ በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ መሬት ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩና ዝም ብዬ ሰማሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ቀስ በቀስ ወርዶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አቦ ሲስተር፣ ልታስሪኝ ነው?»

«አይደለም። ላክምህ ነው የመጣሁት፤ እዚሁ፣ ቤትህ።»

«ቁልፌን ደብቀውብኛል።»

የባጃጁን ቁልፍ ማለቱ ነው። እናትየው በመቀነታቸው ቋጥረውታል። ድርድሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ቁልፉ እኔ ዘንድ እንዲቀመጥ፣ እሱ መርፌውን እንዲወስድ፣ ለሦስት ሌሊት በደንብ ከተኛ ስለ ቁልፉ እንድንነጋገር ተስማማን። የሰፈሩ ኢማም ቀድመው «የታመመ ሰው አይጾምም፣ ሲድን ያወጣል» ብለውት ስለነበር ኪኒኑን በቀን መዋጡ አላጣላንም። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። «ቃል?» አለኝ። «ቃል» አልኩት።

ሀሎፔሪዶል አምስት ሚሊ ግራም ወጋሁት፣ ዲያዜፓም አሥር ሚሊ ግራም አዋጥኩት። ማታ የሚወስደውን ሀሎፔሪዶል ለወንድሙ ሰጠሁ። በሙቀቱ ምክንያት ጥላ ውስጥ እንዲያደርጉትና ውኃ እንዲያጠጡት፣ ጫት ወደ ግቢው እንዳይገባ ነገርኳቸው። ከመውጣቴ በፊት ልጁ አንቀላፋ። እናትየው እስከ በሩ ሸኙኝ፤ እያለቀሱ ነበር። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ እርስዎም ትንሽ ይተኙ» ስላቸው «እርስዎ አትበይኝ፣ ድሬ ነው ያለሽው፣ አንቺ በይኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት አንቺ እላቸዋለሁ። ስጽፍ ግን አልደፍርም።

በዚያ ሌሊት ስንት ዓመት ተምሬ ለዚህ ቀን ነው የደረስኩት እያልኩ ተኛሁ።

በማግሥቱ በቀጠሮዬ ሁለት ሰዓት ላይ ስደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ልጁ አልጋው ላይ በገመድ ታስሯል። አንገቱ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ትከሻው ላይ ተለጥፏል፣ ዐይኖቹ ወደ ላይ ተሰቅለዋል፣ መንጋጋው ተቆልፎ ምላሱ በጥርሶቹ መሀል ወጥቷል። ይሰማል፣ ያውቃል፣ መናገር ግን አይችልም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንዱ ጂኑ ሊወጣ ሲታገል ነው ይላል። ሌላው መርዝ ወግተውት ነው ብሏል። አጎትየው ቁርኣን ሲቀሩበት አድረዋል።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው ገና ርዕሱን ሲያነብ ምን እንደሆነ ገብቶታል። አኩዩት ዲስቶኒያ ነው፤ ሀሎፔሪዶል በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር። ፕሮሜታዚን ከተወጋ ይለቃል። ፕሮሜታዚኑ እኛ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ ግን አልነበረም።

ሮጬ ሄጄ አምጥቼ 50 ሚሊ ግራም ወጋሁት። ገመዱን በገዛ እጄ ፈታሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል አንገቱን በመዳፌ ደግፌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዐይኖቹ ወረዱ፣ ከዚያ መንጋጋው ተከፈተ፣ አንገቱ እየላላ መጣ። ውኃ ጠጣ። ሁላችንም ስለ ባቡሩ የሚቀጥል መስሎን ነበር። እሱ ግን አየኝና በጣም በረጋ ድምፅ፣

«ይህ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቁልፉን አልጠየቅኩም፣ ኪኒኑን ዋጥኩ፣ ተኛሁ። አንቺ ለምን ደበቅሽኝ?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን አፌ ላይ አልመጣም። ብነግረው መርፌውን እምቢ ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ገመዱን ጠልቼ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ እሱን እንደሚወስን ሰው ሳልቆጥረው ቀረሁ። ከኃላፊዬም፣ ከማንም፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው ነበር የጠየቀኝ፣ ልክም ነበር።

«ይቅርታ» አልኩት። «ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናትየው ጓዳ ነበሩ። ስገባ ገመዱን ጭናቸው ላይ አድርገው እየጠቀለሉት ነው። «ምላሱን የሚበላት መሰለኝ» አሉኝ። «እኔው ነኝ ገመድ አምጡ ያልኩት። አንቺን ልጠራ ብል ስልክሽን አላውቅም። ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። ሌሊት ማንን ልጥራ?»

እንግሊዞቹ ስለሚሠሩት ሳነብ ቤት ለቤት መሄዳቸውን ብቻ ነበር በልቤ የያዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ የሚነሣ ስልክ እንዳላቸውም እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። እሱን አልፌው ሄጃለሁ። ለአንዲት እናት በቀን ለጥቂት ጊዜ ዎርድ ከፍቼላቸው፣ ሌሊቱን ያለ ተረኛ ነርስ ትቼባቸው ነው የሄድኩት።

ነገሩ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ኃላፊያችን በሩን ዘግቶ «ተኝቶ ቢታከም ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ሆስፒታል የተሠራው» አለኝ። ጥፋቴን አመንኩ፤ ስለ መድኃኒቱም፣ ስላልነገርኩትም። በሳምንቱ ከተቋም ውጭ ሕክምና መስጠት የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ተለጠፈ፣ ሁላችንም ፈረምን።

ስፈርም ግን ሌላ አንገት እያሰብኩ ነበር። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ፣ አልጋ ባለው ዎርድ ውስጥ ጀማሪ ሆኜ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ልጅ ልክ እንደዚህ ተጠምዝዞ አደረ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ የቀን ተረኛው ይዞት ሄዷል፣ አብሮኝ ያደረው ሰው ደግሞ «ለመውጣት እያስመሰለ ነው፣ ተይው» አለኝ። ተውኩት። ቁልፉ የመጣው ጠዋት ነው። ለዚያ ልጅ ምንም ማስታወሻ አልተለጠፈም፣ ማንም ሆስፒታል ውስጥ ማስተኛት ይከልከል አላለም።

ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጭ መሄዴን ቀጠልኩ። ፕሮሜታዚንና እንደ እሱ ለጡንቻ መኮማተሩ የሚሰጠውን ትራይሄክሲፌኒዲል ይዤ፣ ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት መጥፎውንም ደጉንም ለልጁ እየነገርኩ። አንዱን እምቢ አለኝ፤ በሌላ ቀየርንለት። ወንድምየው ስልኬን በከሰል ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጻፈው። ለዒድ ልጁ ሙሉ ስምንት ሰዓት ይተኛ ነበር። ቁልፉን በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁላችንም ባለንበት፣ በእጁ ሰጠሁት። ጨበጠኝ፣ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን «ቃል?» አላለኝም።

ስልኩ የጮኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ በተጻፈ በአራተኛው ሌሊት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ብድግ ብዬ ጫማዬን እየፈለግሁ «ምን ሆነ?» አልኩ።

«ምንም አልሆነ፣ ተኝቷል» አሉ እናትየው። «ታነሺው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»