ፋኑ ይጮኻል፣ አየር ግን የለም

ሬንደሩ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል የማውጣቱ ሥራ) 40 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ።

«አየኸው? ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ ነው» አለችኝ የቪዲዮ ኤዲተራችን። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሥራው ጠዋት መድረስ አለበት።

ከሳምንት በፊት ይህንኑ ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ «የሶፍትዌር ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ። ብራውዘር ከፍቼ፣ ሁለት ሦስት ፋይል ነካክቼ ደህና መሆኑን አመንኩ። የእሷን ሥራ አልሞከርኩበትም። በዚህ ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ እንደ አዲስ ስትጀምር ከርማለች። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ከመገመት መለካት ይሻላል አልኩ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የገጠመውን ችግር የሚመዘግብበት ቦታ) ላይ ያለው «ከርነል ፓወር 41» የሚባለው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ቻርጀር ቀየርኩ፤ ያው ነው። ከዚያ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቼ ሬንደሩን አስጀመርኩት። 70፣ 88፣ 96 ዲግሪ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ቀነሰ። አልበቃውም። 100 ሲነካ ጠፋ። ላለመቃጠል ራሱን ማዳኑ ነው።

መዳፌን አየር መውጫው ላይ አደረግኩ። ፋኑ ይጮኻል፤ የሚወጣው አየር ግን እንደ ትንፋሽ ስስና ለብ ያለ ነው። ከኪቦርዱ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ ጣት አያስነካም። ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው።

አጥፍቼ ከፈትኩት፤ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። ፋኑ ላይ ይህ ነው የሚባል አቧራ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘጋዋል። ፋኑን ፈትቼ ሳነሳው ግን በእሱና በሂት ሲንኩ (ሙቀቱን ወደ አየር በሚያስተላልፈው ብረት) ክንፎች መካከል ግራጫ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጋግሯል። በወረንጦ ስይዘው ሳይቆረጥ ተላጦ መጣ። በውጭ በኩል አየር ቢነፋበት ኖሮ ወደ ውስጥ ይበተን ነበር። (የምትነፉ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። በኃይል ከተሽከረከረ ይበላሻል።)

ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂት ሲንኩ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ብሎኖቹን አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ተራ፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያጠበቅኩ መለስኩ።

ሬንደሩን ድጋሚ አስጀመርነው። ሙቀቱ 83 ላይ ቆመ። አየር መውጫው አሁን እጅ ያሞቃል። እሷ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ዝም ብለን የሬንደሩን በመቶ ቁጥር እናያለን። 38። 39። 40። 41።

«አለፈ» አለች፣ በሹክሹክታ።