ጆአን ጋንዝ ኩኒ

ዛሬ ልጄ "ሰሰሚ ስትሪት" የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስታይ አብሬያት ተቀምጬ፣ ይሄን ነገር መጀመሪያ ማን አሰበው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አመሸሁበት።

ጆአን ጋንዝ ኩኒ ትባላለች፤ ኒውዮርክ ውስጥ የዶክመንተሪ ፕሮዲውሰር ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ በ1966 ቤቷ እራት የተጋበዘው የሥነ ልቦና ባለሙያው ሎይድ ሞሪሴት፣ የ3 ዓመት ልጁ በማለዳ ተነስታ ፕሮግራም እስኪጀምር ስክሪኑ ላይ የሚቆመውን ምልክት አፍጥጣ እንደምታይ አወራ። ታዲያ ቴሌቪዥን ሕፃናትን ሊያስተምር ይችላል ወይ? ጥያቄው ከዚያ ተነሳ፤ ፕሮግራሙ በ1969 ተጀመረ። በተለይ የታሰበው መዋዕለ ሕፃናት ላልደረሳቸው የድሃ ልጆች መሆኑ ደስ ይላል።

እኔን ግን ያስደነቀኝ የፕሮግራሙ አዘጋጆች ጥንቃቄ ነው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሥዕል የሚቀያይር የስላይድ ማሳያ ያስቀምጡና ልጁ የቱ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ከፕሮግራሙ እንደሚያነሳ ይመዘግባሉ! በሙከራው ልጆቹ የሰዎቹን ትዕይንት ትተው አሻንጉሊቶቹን ብቻ አዩ። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሰውና አሻንጉሊት አይቀላቀሉ ብለው ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን የልጆቹን ዓይን አምነው ቀላቀሏቸው። ትልቁ ቢጫ ወፍ፣ ቢግ በርድ የሚባለው ገጸ ባሕርይ፣ የተወለደው ያኔ ነው።

በ1970 የአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት የትምህርታዊ ቴሌቪዥን ኮሚሽን፣ ጥቁርና ነጭ ሰዎች አብረው ስለታዩበት ፕሮግራሙን አገደው። ሕዝቡ ሲቆጣ በሳምንታት ውስጥ እገዳውን አነሳ። እሰይ!