የ52 ቀኑ አሳ አጥማጅ

«አብደሻል?» አለችኝ እማዬ። መልስ አልጠበቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ሐዋሳ ነው። አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆውን ይዞ ሐይቅ ዳር ካልወረደ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል። ልጆች ሳለን ትል ቆፋሪዎቹ እኔና ወንድሜ ነበርን። እኔ ግን ከወለድኩ ጀምሮ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ሆነ ኑሮዬ። ለማሙሽ ክርስትናና ለ45 ቀን ክትባቱ ብቻ ነው ከግቢ የወጣሁት። ገንፎ በላሁ፣ አጥሚት ጠጣሁ፣ መጋረጃ ሳይ ከረምኩ። በ52ኛው ቀን «እኔም እሄዳለሁ፣ ልጄንም ይዤ» አልኩ።

እማዬ መቁጠር ጀመረች። ንፋሱ፣ ፀሐዩ፣ የሰው ዓይን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምች። አሳ የሚጠበስበት ቦታ ፀሐይ ላይ አራስ ይዞ መቀመጥ ምችን በደብዳቤ መጥራት ነው አለች። አባባ «እንግዲያው አንቺም ነይና ጠብቂው» ሲላት ዳማከሴዋን በፌስታል ቋጥራ ጨርሳለች።

ዕቃው ለጉድ ነበር። አባባ ድሮ አንድ ዘንግና አንድ ባልዲ ይዞ ነበር የሚወጣው፤ አሁን ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ዣንጥላ፣ ትንሿ የሕፃን አጎበር፣ ሁለት ፎጣ፣ የእኔ አጥሚት በቴርሞስ፣ እማዬ ያዘለችው ብርድ ልብስ ተጨምሮ ሁለት ባጃጅ ፈጀን። አጎበሯ ቅንጦት አይደለችም። ክትባት የሰጠችው ነርስ የትንኝ መከላከያ ቅባት ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ እንደማይቀባ፣ የፀሐይ ክሬምም ከስድስት ወር በፊት እንደማይመከር ነግራኛለች። ስለዚህ ጥላና አጎበር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወጥተን ፀሐዩ ሳይከር ልንመለስ ተስማማን። ወንድሜ ጀልባ እንከራይ አለ። ለ52 ቀን ልጅ የሚሆን የሕይወት ጃኬት ከየት ይመጣል? ሐይቁ ደግሞ ጉማሬ አለው። እኔና እማዬ በዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሆንን።

ከአሳ ገበያው ከአሞራ ገደል ራቅ ብለን አንድ ትልቅ ዛፍ ስር ተቀመጥን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው ያዩናል። የሚያልፈው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል፣ ቀጥሎ «አራስ ሆነሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። ማሙሽ ተኝቷል። ባጃጁ ሲያንገጫግጨው ተኝቷል፣ ወፎቹ ሲጮሁ ተኝቷል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ነፋሱን ብቻ እጠጣለሁ።

ከጎናችን አንድ አዛውንት አሳ አጥማጅ ማታ የጣለውን መረብ ያራግፋል። ቆሮሶ ከሚባለው አሳ አንዷን ከመረቡ ሲያላቅቅ ከአፏ ብዙ ሰሊጥ የመሰለ ነገር ፈሰሰ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሰሊጡ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይን አለው። «ልጆቿ ናቸው» አለኝ። እናትየዋ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ሁሉ ቀን ምግብ አትበላም። እኔ በቀን አምስቴ ገንፎ እየበላሁ «ደከመኝ» የምል ሴት! እሱ ጫጩቶቹን ውሃው ላይ አራግፎ እናትየዋን ሳፋ ውስጥ ወረወራት። አለቀስኩ። የአራስ ነገር ነው፣ በዚያ ሰሞን የሳሙና ማስታወቂያም ያስለቅሰኝ ነበር። ሂሳቡን ከፍዬ ቆሮሶዋን ወደ ሐይቁ ለቀቅኳት። ስንት እንደከፈልኩ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ያነበዋል። አዛውንቱ ብሩን ኪሱ ከቶ «ያሳድግልሽ፣ የኔ ልጅ» ብሎ ወደ መረቡ ተመለሰ። ወንድሜ እስካሁን ይስቃል፤ አሳ ልናጠምድ ሄደን ገዝተን ለቀን መጣን ይላል።

የአባባ መንጠቆ ቡሽ የሰመጠው ልክ ማሙሽ ነቅቶ ሲያቀልጠው ነው። እኛን ዕድሜ ልካችንን «ዝም በሉ፣ አሳው ይሸሻል» ሲል የኖረ ሰው ዘንጉን ለወንድሜ ወርውሮ ወደ ልጁ ሮጠ። እማዬ ግን መሀል መንገድ አስቆመችው። «ትል የነካ እጅ ልጅ አይነካም!» በሃይላንድ ውሃ ቀድታ በሳሙና አስታጠበችው። ወንድሜ በዚህ መሀል የጎተተው አምባዛ ነበር፣ ክንድ የሚያክል። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር እየሳበ ብዙ ይቆያል፤ ባጃጅ ውስጥ ከባልዲው ተወርውሮ እማዬ እግር ስር ሲወድቅ የጮኸችው ጩኸት ታቦር ተራራ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ማሙሽ? ተኝቷል።

አምባዛው ሾርባ ሆነ። የሚያቃጥለው ዳጣ ለእነሱ፣ ለእኔ አልተፈቀደም።

ጠዋት ስንነሳ ምች የመታው ሰው ተገኘ። አባባ! ባርኔጣውን ለማሙሽ ጥላ ብሎ ሰጥቶ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩ በአንድ ሌሊት አብጦ ውሃ ቋጥሯል። እማዬ ዳማከሴዋን እያሸች «አላልኩም?» ትላለች። እስኪድን ድረስ ማሙሽን መሳም ተከለከለ፤ ይሄን እንኳን ሐኪሞቹም ይሉታል፣ ከንፈሩ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሰው ለጋ ሕፃን አይስምም። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ከሩቅ ያየዋል። እማዬ ደግሞ ልጁን ታቅፋ፣ ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም።