ከዳር ሳንርቅ፦ ቤተሰቤን ይዤ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠመድንበት ቅዳሜ

ልጆቼ ዓሣን የሚያውቁት ከፍሪጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊሌቶ ሆኖ በላስቲክ ይመጣል። አጥንት የለውም፣ ዓይን የለውም። አንድ ቀን የሰባት ዓመቱ ልጄ ሳህኑን እያየ «እማ፣ ዓሣ ጭንቅላት አለው እንዴ?» አለኝ። በጣም ደነገጥኩ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ስሙ ራሱ ሐይቅ ከሚባለው ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ርቄ ነው ያደግኩት። በዚያው ምሽት ለራሴ ቃል ገባሁ። በጥር ወር የትምህርት ቤት እረፍት ደሴ አባዬ ጋ ስንሄድ ሐይቅ እወስዳቸዋለሁ። በገዛ እጃቸው ያጠምዳሉ።

ግን ፈርቼ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተከራይተን ነበር። ባለጀልባው የማናውቃቸውን ሰዎች ጭምር ጫነብን። ላይፍ ጃኬት ስንጠይቅ «ለልጆች የሚሆን የለም፣ እቀፏቸው» አለን። መሃል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ። ውሃው ወደ ውስጥ ይረጫል፣ ሰው ይጮኻል። ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስጸልይ ነው ዳር የደረስነው። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሲባል ሆዴ ባር ባር ይላል።

ስለዚህ ዘንድሮ ነገሩን በስልክ ጀመርኩት። የአክስቴ ልጅ ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖረው፤ አንድ ዓሣ አስጋሪ አገናኘኝ። ለልጅ የሚሆን ጃኬት አለህ? እኛ ብቻ ነን የምንሳፈረው? ስንት ሰዓት ላይ ነው ውሃው የሚረጋው? ሰውየው አልተቆጣም። «እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ። «በጠዋት ኑ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ደግሞ ከዳር አንርቅም። ቆሮሶ ራሱ ዳር ነው የሚውለው።» ቆሮሶ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። ዋጋውን በሰዓት ሳይሆን በጉዞ ተነጋገርን፤ የማጥመጃው ክርም፣ ትሉም እዚያው ውስጥ ነው። ይህን ቀድሞ መጨረስ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ሰዓት ከቆጠራችሁ፣ ልጁ መንጠቆውን ሲያወሳስብ እናንተ ስለ ብር ነው የምታስቡት።

ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ከደሴ ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ፣ ታናሿ እና አባዬ። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ልጆቹን በጋቢ ጠቅልለናቸዋል። አባዬ ከመነሳታችን በፊት አቋሙን አሳውቋል። «እኔ ዓሣ አልበላም። አላጠምድምም። ልጆቹን ለማየት ነው የምመጣው።» ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ግን ዝም አላለም፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚህ መሆኑን ተናገረ። ልጆቹ በእንቅልፍ ልብ ነው የሰሙት። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ብርዱም እየቀለለ ይሄዳል። ሐይቅ ከተማ ገብተን፣ ባጃጅ ይዘን ወደ ውሃው ወረድን።

ጀልባዋ ትንሽ ናት። ስድስት ሰው ትይዛለች፤ ሞተር የላትም። ሰውየው ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ራሱ ላይ ሽርጥ ጠምጥሟል። መጀመሪያ ያደረገው የልጆቹን ጃኬት ማሰር ነው። የልጄን ጃኬት ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ሸሸ። «አየሽ እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ ውሃ ውስጥ ያወልቀዋል» ብሎ ማሰሪያውን እንደገና አጠበቀ። እንደገና ሳበው። አሁን ልጁ አብሮ ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ሆዴ የተረጋጋው።

«ቢስሚላህ» ብሎ ጀልባዋን ገፋ። አባዬ ደግሞ «በስመ አብ» ብሎ አማተበ። ሄድን።

ሐይቅ ከላይ ሲያዩት ረጋ ያለ ሳህን ይመስላል። ግን ጥልቅ ነው፤ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዳሩ ላይ ፊላው ቆሞ፣ ውሃው ግልጽ ሆኖ፣ አሸዋውን እያያችሁት ትቀዝፋላችሁ። ትንሽ ራቅ ስትሉ ድንገት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ሰውየው ያንን መስመር በእጁ አሳየን። «እዚያ ጋ ገደል ነው። እኛ ከዚህ ወዲህ ነን።» ዓሣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ቆሮሶ የሚበላው አረንጓዴ ነገር ብርሃን በሚደርስበት ዳር ላይ ነው የሚበዛው። ወንዱም ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ነው። ልጄ ጎንበስ ብላ አየችው። ታች አሸዋው ላይ ክብ ክብ ጎድጓዳ አለ፣ እንደ ምጣድ የተስተካከለ። «ይሄን ዓሣ ነው የሠራው?» «በአፉና በጭራው» አላት። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

ማጥመጃው ዘንግ የለውም። የሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ ናይለን ክር ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ቁራጭ ደረቅ ሸምበቆ ታስሯል። ሸምበቆው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ዓሣው ሲነካው ይነግራችኋል። ለትንሽ እጅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ዘንግ ለልጅ ይከብዳል፣ የሌላውንም ዓይን ያስፈራል። ጠርሙሱን ግን ልጄ በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ መሪ ያዘው።

ትሉን የሚሰካለት ሰው ይፈልጋል ብዬ ነበር። ራሱ ሰካው። ልጅቷ ግን ትል አልነካም አለች፤ ሰውየው ከኪሱ በፌስታል የተቋጠረ የስንዴ ሊጥ አወጣላት። «ይሄም ይሠራል» አላት። ሊጡን እንደ ሽምብራ አድቦልቡላ ሰካች።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፣ ዝም ብሎ አይውጥም፤ ይቀማምሳል። ሸምበቆው ጥቅ ጥቅ ሲል ልጄ ወዲያው ይስባል። ባዶ። እንደገና ጥቅ ጥቅ፣ እንደገና መሳብ። ባዶ። ትሉም የለም። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰውየው ከኋላው ቁጢጥ ብሎ «አባቴ፣ አሁን እየቀመሰ ነው። ተወው። ሸምበቆው ወደ ጎን ሲሄድ፣ ያኔ ነው የጎረሰው» አለው። ልጄ ትንፋሹን ያዘ። ሸምበቆው ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ፊላው ተጓዘና ሰመጠ። «አሁን!»

ክሩ ተወጠረ። ዓሣው ከውሃው ሲወጣ ከእጄ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ግን የልጄን ፊት ብታዩ! ሊይዘው ሲል የጀርባው እሾህ ወጋው። ሰውየው እጁን ይዞ አሳየው። ከጭንቅላቱ ተነሥተህ ወደ ጭራው ታንሸራትታለህ፣ እሾሁ እንደ ዣንጥላ ይታጠፋል፣ ከዚያ ትጨብጣለህ። ልጄ ያንን አደረገ። ዓሣው በመዳፉ ውስጥ ይርገበገባል። ጉንጩ ስር ያለው ክዳን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ልጄ ዝም ብሎ አየው። «ጭንቅላት አለው» አለ ቀስ ብሎ።

አባዬ ከጀልባዋ ጫፍ ሆኖ ያያል። «በእኔ ልጅነት እኮ ቆሮሶ እዚህ አልነበረም» አለ። እውነቱን ነው። ዓሣው ተወልዶ ያደገበት ሐይቅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት። ዛሬ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። አንከርካ ወንዝ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል መጥቶ ይገባል፤ የገባው እዚሁ ነው የሚቀረው። ሰውየው ልጄ የብስኩት ላስቲክ ሲጥል ቀዘፋውን አቁሞ ተመልሶ ያነሣው ለዚህ ነው። ምንም አልተናገረውም። ልጄ ግን ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ኪሱ ውስጥ ነው የከተተው።

ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ቀዘፍን። ገዳሙ ያለበት መሬት ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። አባዬ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ለልጆቹ እኔም በልጅነቴ የሰማሁትን ነገራቸው።

እዚህ ድሮ ውሃ አልነበረም ይባላል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንዲት የንጉሥ ልጅ በደለቻት። እግዚአብሔር ተቆጣ። ዙሪያውን ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ የንጉሥ ልጅም፣ ዘመዶቿም ሰጠሙ። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች።

«ያቺ ናት» አለ፣ ዛፎቹን እያሳየ።

ልጄ አሰበች። «መግባት ይቻላል?»

«ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት፣ የኔ ልጅ።»

«ሴትዮዋ የተቀመጠችበት አይደል እንዴ?»

አባዬ ዝም አለ። የሚያቋርጣት ወይም የሚቆጣት መስሎኝ ነበር። «እሱስ ነው» አላት። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ ወርደው ሊሳለሙ ይችሉ ነበር፤ ማንም አልወረደም። ከውሃው ላይ ሆነን ተሳለምን።

በመመለሻችን ሰውየው ማታ የጣለውን መረብ ሊያነሣ ፈቃድ ጠየቀን። መረቡ ከፊላው ጎን ተዘርግቷል። ስንቱን እንደቆጠርኩ አላስታውስም፤ አንድ ሰባት ስምንት ቆሮሶ፣ አንድ ጢማም አምባዛ። ከመጨረሻዎቹ አንዷ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዓሣዋ ሌሎቹን አትመስልም። ከአገጯ ስር አብጣለች። «ኑ እዩ» አለ። ልጆቹ ተንጠራሩ። መረቡን ከጉንጯ ሲያላቅቅ አፏን ትንሽ ከፈተች፤ ውስጡ በነጥብ ነጥብ የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ዓይን አለው።

«ልጆቿ ናቸው» አለ። «እንቁላሉንም በአፏ ነው የምትይዘው። ከተፈለፈሉም በኋላ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ።»

«ታዲያ በምን ትበላለች?» አለች ልጄ።

«አትበላም። ተሸክማቸው ሳለ ትጾማለች።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ነገሩ ገባኝ ደግሞ። የማትበላ እናት መንጠቆ አትጎርስም። መንጠቆ እሷን አያገኛትም፤ መረብ ግን ማንንም አይለይም። ዓይኑ የጠበበ መረብ ደግሞ ጫጩቱንም ይጠርጋል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በመንጠቆ አጥምዱ የምለው ለዚህ ነው። ቀስ ይላል፣ የሚያገኘውም ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን ይበቃል።

ልጄ «መልሳት» አለችው። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ሰውየው ቀድሞም ሊመልሳት ኖሯል፤ ግን «እሺ እትዬ» ብሎ ዓሣዋን በሁለት እጁ አስይዛት። ልጄ፣ ትል አልነካም ያለችው፣ እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ከተተች። ዓሣዋ ለጥቂት ጊዜ መዳፏ ላይ ቆመች። ከአፏ አንድ ሁለት ነጥብ ወጥተው በአፍንጫዋ ዙሪያ ተንሳፈፉ። ከዚያ ጅራቷን አንድ ጊዜ ወዘወዘች፤ የለችም። ነጥቦቹም የሉም። ልጄ እጇን አላወጣችም። ሰውየውም አልቀዘፈም።

ዳር ስንደርስ አምስት ሰዓት አልሞላም። የልጆቹ አምስት ቆሮሶ፣ የሰውየው ደግሞ ከመረቡ። እዚያው ዳር ላይ ዓሣ የምትጠብስ እናት አለች። ቅርፊቱን በቢላ ገፋ ገፋ አድርጋ አራገፈችው፣ ሆድ ዕቃውን አወጣች፣ ጎኑን በስለት ሰነጣጠቀችና ጨው አሸችው። ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ልጄ ጆሮውን ያዘ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እንጀራ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ።

ሰውየውን አብረን እንብላ አልነው። በአንድ ትሪ ተቀመጥን። እኔ ከደሴ ስወጣ ያላሰብኩት ነገር ይሄ ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ያዝናል፣ አብሮ ይድራል፤ ሥጋ ሲሆን ግን ትሪው ይለያያል፣ ማን እንደባረከው ይጠየቃል። ዓሣ አይታረድም። ማንም አይባርከውም። ስለዚህ አባዬና ሰውየው ፊት ለፊት ተቀምጠው ከአንድ ትሪ ቆረሱ።

አዎ፣ አባዬ። መጀመሪያ ለልጄ አጥንት ሊለቅምለት ነው እጁን የሰደደው። በሽማግሌ ጣቱ አንድ በአንድ ለቀመ፣ ለልጁ አጎረሰ። ከዚያ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀመሰ። ትንሽ ቆየ። ከጎኑ በኩል ቆረስ አድርጎ በሎሚ አጠቀሰ። ማናችንም ምንም አላልንም። ባለቤቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው።

ቡናው ሲመጣ፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ፣ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሰውየው ዞረ።

«እኔ ምልህ፣ አርዲቦስ እንዴት ነው? እዚያም በመንጠቆ ይያዛል?»

«ይያዛል እንጂ፣ አባባ።»

«በጠዋት ነው?»

«በጠዋት።»

አባዬ ሲኒውን አስቀመጠና ወደ እኔ ሳያይ «ሰኞ ምን አላችሁ?» አለ።