ትንሽ መርከብ ላይ መኖር ምን ይመስላል?

ሱሉልታ ቤት ተከራይተን ከገባን ወዲህ ሰፈሩ የሚያውቀኝ «መርከብ ላይ የሠራችው» በሚል ነው። ቡና ላይ ይጠይቁኛል፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ይጠይቁኛል። ሥራ የሚፈልጉ ልጆችማ አይለቁኝም። ለሁሉም በየተራ ከማወራ እዚህ ልጻፈው፣ ያነበበ ለጓደኛው ይላክለት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። የኔ መርከብ ቲክቶክ ላይ የምታዩት፣ መዋኛና ቲያትር ቤት ያለው፣ ሺዎች የሚሳፈሩበት ዓይነት አይደለም። ሃምሳ ገደማ እንግዶች ይዞ በስኮትላንድ ካሌዶኒያን ካናል በሚባለው የመርከብ መተላለፊያ ቦይ የሚያልፍ፣ ከዚያ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ወጥቶ በሄብሪዲስ ደሴቶች መሀል የሚዞር ትንሽ መርከብ ነው። ክፍል አስተካክላለሁ፣ በምግብ ሰዓት አስተናግዳለሁ፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ገመድ እይዛለሁ። እንዲህ ያለ መርከብ ላይ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» የሚባል ነገር የለም።

ስለ ካናሉ ትንሽ ላውራ፣ ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ስለሆነ። አገሩን ከምሥራቅ ጠረፍ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ያቋርጣል፣ ርዝመቱ 97 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው የቆፈረው ግን ሲሶውን ያህል ብቻ ነው። ቀሪው የተፈጥሮ ሐይቅ ነው፤ አውሬ አለበት ሲባል የምትሰሙት «ሎክ ኔስ» የተባለው ሐይቅ አንዱ ነው። ሥራው በመሐንዲሱ በቶማስ ቴልፎርድ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1803 ተጀምሮ በ1822 ተከፈተ። የታሰበው መርከቦች በሰሜን በኩል ያለውን ክፉ ባሕር ከመዞር እንዲድኑ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የእንፋሎት መርከብ መጣ፣ መርከቦች እየገዘፉ ሄዱ፣ ካናሉ ጠበባቸው። ዛሬ ለጀልባዎችና እንደኛ ላሉ ትንንሾች ቀርቷል።

አንዲት ጎረቤታችን፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ መርከብ እንዴት ሽቅብ ይወጣል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነው። «እማማ፣ ቤትዎ ላይ ያለውን ሮቶ ያስቡት» አልኳቸው። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃው ያለ ፓምፕ ይወርዳል። እዚያም እንደዚሁ ነው። መርከቡ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ከኋላው ትልቅ በር ይዘጋል። ከዚያ ከፊት በኩል ያሉት የውሃ መግቢያዎች ይከፈቱና ከላይኛው ገንዳ ውሃ እየተንደቀደቀ ይገባል፣ መርከቡም ከውሃው ጋር ይነሳል። ሁለቱ ውሃዎች ሲተካከሉ የፊቱ በር ይከፈታል፣ መርከቡ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ የውሃ በር ካናሉ ላይ 29 አለ። ስምንቱ ባናቪ በሚባል ቦታ ተከታትለው የተሠሩ ናቸው፣ የኔፕቱን ደረጃ ይሏቸዋል። መርከቡን ወደ 19 ሜትር ከፍ ያደርጉታል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

ሳህን እያጠብኩ ከሆነ በመስኮቱ የሚታየኝ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ነው። ቀስ እያለ ሣር ይመጣል። ከዚያ ዳር ላይ የቆሙ ሰዎች ጫማ፣ ከዚያ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ፊታቸው፣ ሕፃናቱ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከላይ ከሆንኩ ደግሞ ሥራዬ ገመድ ነው፤ መርከቡ በተነሳ ቁጥር ስለሚላላ እየሳቡ መያዝ ያስፈልጋል። በፍጹም እጅ ላይ አይጠመጠምም። ድንገት ከተወጠረ ጣት ይዞ ይሄዳል።

እዚያ አካባቢ ቤን ኔቪስ የሚባለው የብሪታንያ ረጅሙ ተራራ አለ፣ 1,345 ሜትር። የኛ የሱሉልታ ሜዳ ከጫፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ግን ከባሕሩ ጫፍ ብድግ ብሎ ስለሚነሳ ሲያዩት እጅግ ግዙፍ ነው።

ኑሮው ጠባብ ነው። የሠራተኛ ክፍል ከታች ነው፣ አልጋው ተደራራቢ፣ አብራችሁ የምትተኙትን ሰው ወዳችሁም ጠልታችሁም ከሥራ በኋላ ታገኙታላችሁ። መሳቢያው ሁሉ መቀርቀሪያ አለው። የጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ባሕሩ ሲነሳሳ ሳህን ሥር እርጥብ ጨርቅ እናነጥፋለን። ንጹህ ውሃ በታንከር ልክ ነው፣ ሻወር ቶሎ ነው። ይሄ እኔን አልከበደኝም። በፈረቃ ውሃ ያደገ ሰው ጀሪካን መቆጠብ ማንም አያስተምረውም።

ደሴቶቹ ጋ ስትደርሱ ሌላ ዓለም ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። አንዳንድ ቦታ ልዩነቱ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ጠዋት አሸዋ የነበረው ከሰዓት ባሕር ነው። ስታፋ የምትባል ደሴት በስድስት ማዕዘን የተጠረቡ በሚመስሉ የባዛልት ዓምዶች የታወቀች ናት። ማንም አልጠረባቸውም፣ ቅልጥ ዐለት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በራሱ የተሰነጣጠቀው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ኮብልስቶን የሚጠርቡት ልጆች ፎቶውን ሳሳያቸው «የኛው ጥቁር ድንጋይ ነው!» አሉ። አዎ፣ የሚያውቁትን ነው ያዩት።

አዮና ግን ልቤን ነካችኝ። ቅዱስ ኮሎምባ ከአየርላንድ በጀልባ መጥቶ ገዳም የመሠረተባት ትንሽ ደሴት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ563፣ በቅዱስ ያሬድ ዘመን ማለት ነው። ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታን መርከብ ላይ ነው የጾምኩት፤ ምግብ አብሳዩ ምስር ለብቻ ይቀቅልልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። እንግዶቹን በትንሽ ጀልባ ስናወርድ እኔም ወረድኩ። ነፋስ፣ በግ፣ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን። ጣናና ዝዋይ ላይ ያሉት አባቶቻችንም ጸጥታ ፍለጋ ውሃ ተሻግረዋል። አገሬ ያለሁ መሰለኝ፣ አለቀስኩ።

ክፉውንም ልናገር። ክፍት ባሕር ላይ ያስመልሳል፣ ሆድ እስኪለምድ ሥራ አይቆምም። ስልክ አይሠራም፣ እናት ስትታመም ዘግይተህ ትሰማለህ። በበጋቸው ሚጅ የምትባል ደቃቅ ተናካሽ ትንኝ ፊት ላይ ትሰፍራለች። ወቅቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፣ ክረምታቸውን የምትበሉትን አስቀድማችሁ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ለልጆቹ። መርከብ ላይ ለመቀጠር መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ባሕር ላይ ሕይወት ማዳን፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ። ኤስቲሲደብሊው በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደነገገ ነው። የጤና ምርመራም አለ። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሥራ ያገናኘ ሰው ከሠራተኛው ኮሚሽን እንዳይቀበል ይከለክላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍትም መብታችሁ ነው። ስለዚህ «ይሄን ያህል ሺህ ክፈልና መርከብ ላስገባህ» የሚል ደላላ ሲመጣ ቤተሰብ መሬት እንዳይሸጥ፣ ዕቁብ እንዳይበላ፣ እባካችሁ። ውል ከመጣላችሁ ሳትፈርሙ ይዛችሁልኝ ኑ፣ መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።