እማዬን ቤት ውስጥ ሳስታምም

እማዬን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት፣ ከሆስፒታል አውጥተን ደብረ ብርሃን ቤታችን አስተኛናት። መድኃኒቱ ቀላሉ ሥራ ነው፣ ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ነው። ጉልበት የሚጨርሰው የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት ማገላበጡ ነው። በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። እኔና ወንድሜ አላርም ሞልተን ተራ ገባን።

የአልጋ ቁስል የሚጀምረው አጥንት ቆዳን በሚጫንበት ቦታ ነው፤ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች፣ ክርን። ቅላት ካያችሁ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ሳይነጣ እንደቀላ ከቀረ እዚያ ጎን ላይ አታስተኙ። እማዬ ግን ጠይም ስለሆነች ቅላቱ ብዙም አይታይም፤ ስለዚህ በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ፣ ከሌላው ሞቅ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኘሁ ያ ቦታ እረፍት ያገኛል። «እሺው» የሚል መካሪ አይጠፋም። አይታሽም፣ ይብስበታል።

የኛ አገር ብርድ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከመንዝ ዘመድ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ላከልን፣ ሙቀቱ ግሩም ነው፤ ግን ከባድ ስለሆነ ጣቶቿን ይጫናል። ካርቶን ቆርጬ እግርጌዋ አቆምኩና ባናውን በላዩ አለበስኩት። ሙቅ ውሃ በላስቲክ አድርጎ ማስታቀፍ ክልክል፤ የደነዘዘ ጎን ሲቃጠል አይናገርም። በዝግ ቤት ከሰልማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ጠያቂ ነው! አንዲት የእማዬ ባልንጀራ «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» ብለው በጀርባዋ እንደተኛች አጎረሷት። ትን አላት፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እኔም ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ፦ ቀጥ ብላ ሳትቀመጥ ምንም አይቀመስም፣ ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ መዋጧ ሳይታይ ሁለተኛው አይከተልም፣ ከበላች በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል አትተኛም። ውሃ ደግሞ ከወፈር ያለ አጥሚት ይልቅ ትን እንደሚል ሐኪሙ ነግሮናል፤ ሰው ግን ውሃን ማን ይፈራል?

ጠያቂን መከልከል በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሥራ ሰጠኋቸው። አንዱ ልብስ ያጥባል፣ አንዱ አጠገቧ ሲቀመጥ እኔ ትንሽ አሸልባለሁ። እኚያ ባልንጀራዋም አሁን ሲመጡ «ይልቅ አንሶላውን ይያዙልኝ» እላቸዋለሁ። ከስሯ የታጠፈ አንሶላ አለ፤ በሁለት ወገን ይዘን ብድግ እናደርጋታለን እንጂ አንጎትታትም፣ መጎተት ቆዳ ይልጣል። እሳቸው ከኔ ይልቅ ጠንካራ ናቸው፣ እውነቴን ነው።