የማን ቤት ነው?

ዛሬ ደሴ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎን ከታናሽ ወንድሜ ጋር የልዕለ ጀግኖቹን ፊልም «ካፒቴን አሜሪካ፦ ሲቪል ዋር»ን ደገምነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን። እማ ቡና እየቆላች በጎን ታያለች። ሌጎስ ላይ ሕንፃው ሲፈነዳ እኛ ስንጮህ እሷ፣ «ያረቢ! የማን ቤት ነው?» አለች።

ልጇ ሶኮቪያ በምትባለው የፊልሙ አገር፣ በጀግኖቹ ውጊያ የሞተባት እናት ከጀግኖቹ አንዱን ቶኒ ስታርክን ስታፋጥጠው፣ ወንድሜ ወደ ኤርፖርቱ ድብድብ ሊያሳልፍ ሪሞት አነሳ።

«ተው! ሴትዮዋ ትናገር» አለች እማ።

ጀግኖቹን ለመቆጣጠር 117 አገሮች ስለፈረሙበት ስምምነት ባስረዳትም (እኔ መቼም ማስረዳት እወዳለሁ) ጆሮም አልሰጠችኝ። ቤተሰቡን ሶኮቪያ ላይ ያጣው ተበቃዩ ዜሞ የሟች ሚስቱን ድምፅ ከስልኩ ሲሰማ በረካ ላይ ደርሰን ነበር፤ ስኒዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

የሳሎናችን መስኮት ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ መስታወት የለውም፣ ላስቲክ ነው። ዝናቡ ሲመታው ይንጣጣል። «ድምፁን ጨምሩት» አለች።